ከንዝረት ጋር የተጣላው ሰው

ስልካችሁን ድምፁን አጥፍታችሁ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት፣ ሲደወል እየተንዘረዘረ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሲጓዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ። በብዙ ስልኮች ውስጥ ይህን የምትሠራው አንዲት ሚጢጢ ሞተር ናት። ዘንጓ ላይ የተገጠመው ብረት ሙሉ ክብ አይደለም፤ ግማሽ ጨረቃ ነው የሚመስለው፤ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ሲሽከረከር ያ ያዘነበለ ክብደት ስልኩን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይጎትተዋል። አለቀ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። አዳዲሶቹ ውድ ስልኮች ሌላ ዘዴ አላቸው፣ እሱን ለጊዜው እንለፈው።

ስልክ ውስጥ ሆን ተብሎ የሚሠራው ይህ ነገር መኪና ሞተር ውስጥ ማንም ሳይጋብዘው ይመጣል። የተሳፋሪውን አጥንት ያንቀጠቅጣል፣ ብሎን ይፈታል፣ ሲብስም ከጣት የወፈረ ብረት ይሰብራል። ይህን ንዝረት እንደ ግል ጠላቱ ያየው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቼስተር ይባላል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሱ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ላንቼስተር በ1868 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበር፣ ቤቱ በልጆች የተሞላ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ደቡብ የባሕር ዳርቻ ሄዶ ስለኖረ ልጅነቱን እዚያ አሳለፈ። በሳውዝሃምፕተን ተማረ፣ ከዚያም ለንደን ውስጥ የሳይንስ ትምህርት ጀመረ። ማታ ማታ ደግሞ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ይገባ ነበር። ዲግሪ ግን አልያዘም፤ ተምሮ ተምሮ ወረቀቱን ሳይወስድ ወጣ።

በ1888 የፈጠራ መብት ሰነዶችን ንድፍ እየሣለ ኑሮውን ጀመረ። ይህ ሥራ ቀላል አይምሰላችሁ፤ የሰው ሁሉ ፈጠራ በእጃችሁ እያለፈ፣ ማን ምን እንዳስመዘገበና እንዴት እንዳስመዘገበ እያያችሁ መዋል ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ በርሚንግሃም ውስጥ የጋዝ ሞተር የሚሠራ አንድ ፋብሪካ ቀጠረው። የሥራ ውሉ ላይ ሠራተኛው የሚፈጥረው ማንኛውም ማሻሻያ የድርጅቱ ንብረት ይሆናል የሚል አንቀጽ ነበር። የሃያ ዓመቱ ልጅ አንቀጹን ሰርዞ ፈረመ። እኛ የሥራ ውል ሲሰጠን የመጨረሻውን ገጽ ገልጠን ፊርማ እንደምናኖር አስቡና ይህን አወዳድሩት። በሁለት ዓመት ውስጥ የጋዝ ሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያና ሞተር ማስነሻ ፈለሰፈ፤ የማስነሻውን መብት ለሌላ ትልቅ ድርጅት ደህና በሆነ ዋጋ ሸጠ። ከዚያ በኋላ ለሠራቸው ነገሮች መነሻ የሆነው ይህ ገንዘብ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ሌላም ነገር ይዞት ነበር፤ በረራ። ሞተር የሌላቸው ትንንሽ የአውሮፕላን ሞዴሎች እየሠራ ከቤቱ መስኮት ይወረውርና እንዴት እንደሚንሳፈፉ ያጠና ነበር። ክንፍ እንዴት ክብደት እንደሚሸከም ከእነዚህ ሞዴሎች ተነስቶ አንድ ሐሳብ አዋቀረ፤ በ1897 በጽሑፍ አቅርቦ ውድቅ ተደረገበት። የራይት ወንድማማቾች የበረሩት ከዚያ ስድስት ዓመት ዘግይተው ነው። ሐሳቡን በ1907 እና በ1908 በሁለት መጻሕፍት አሳተመው፤ ዛሬ የአውሮፕላን ክንፍ ንድፈ ሐሳብ ሲነሳ ስሙ ከጀርመናዊው ፕራንትል ጋር ይጠቀሳል። ይህ ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ እኛ ወደ ሞተራችን።

ሞተር ለምን ይንቀጠቀጣል? አንድ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች ብትወዘውዙት ክንዳችሁም ትከሻችሁም አብሮ ይናጣል። ፒስተንም እንዲሁ ነው። ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይወርዳል፣ ይቆማል። በየጊዜው እሱን ለማስቆምና መልሶ ለማስነሳት የሚወጣው ጉልበት የሞተሩን አካል መልሶ ይገፋዋል። መብራት ላይ የቆመ ባለ አንድ ሲሊንደር ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ሜሴጅ ለመጻፍ የሞከረ ሰው ይህን ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል። ጎሚስታ ጎማ ባላንስ ሲያደርግ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ትንሽ እርሳስ ይመታል፤ የከበደውን ጎን በተቃራኒው ክብደት ያስተካክላል። የፒስተንን ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ ወደ ዙር የሚቀይረው ክራንክሻፍት ላይም ከፒስተኑ ትይዩ ክብደት እንጨምርበታለን። ችግሩ ግን እዚህ ነው፤ ክራንክሻፍት ይዞራል፣ ፒስተን ግን አይዞርም፣ በአንድ መስመር ይመላለሳል። ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ክብደቱ ታች ነው፤ ጥሩ፣ ተጣጡ። ሩብ ዙር ቆይቶ ግን ክብደቱ ወደ ጎን ይጎትታል፣ በዚያ አቅጣጫ ደግሞ የሚመልሰው ማንም የለም። ስለዚህ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የፒስተኑን ክብደት ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚያጣጡት። ንዝረቱ አልጠፋም፤ ግማሹ ወደ ላይና ታች፣ ግማሹ ወደ ጎን ተከፋፈለ እንጂ።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት የእውነተኛ ሞተሮችን ቅጂ በትንሹ የሚሠሩ ባለሞዴሎች ናቸው። ትንሽ ስለሆነ ችግሩም ትንሽ ይሆናል ብሎ ማሰብ ያሳስታል። አሥር ግራም የሚመዝን ፒስተን ውሰዱ፣ ክራንኩ ከመሐሉ ስምንት ሚሊ ሜትር የራቀ ይሁን፣ በደቂቃ 12,000 ዙር ይዙር። በየጫፉ ፒስተኑን ለመመለስ የሚያስፈልገው ኃይል 126 ኒውተን ገደማ ይወጣል። አሥር ግራሟ ብረት ወደ 13 ኪሎ በሚጠጋ ሸክም ትጎትታለች ማለት ነው፣ ያውም በሰከንድ ሁለት መቶ ጊዜ። ዙሩን እጥፍ ብታደርጉት ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

ሌላም አለ። አንድን ሞተር በሁሉም አቅጣጫ አምስት ጊዜ ብታሳንሱት ክብደቱ በ125 ይከፈላል። የፒስተኑን ፍጥነት ሳትቀንሱ ካሠራችሁት ደግሞ የንዝረቱ ኃይል የሚቀንሰው በ25 ብቻ ነው። ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ትንሹ ሞተር ከአባቱ አምስት እጥፍ ይንቀጠቀጣል። ባለሞዴሎቹ የሞተራቸውን መቀመጫ ብሎን ደጋግመው የሚያጠብቁት ወደው አይደለም።

ላንቼስተር የመጀመሪያ መኪናውን በ1895 እና በ1896 ሠራ። ከዚያ በፊት ከወንድሞቹ ጋር የሞተር ጀልባ ሠርቶ በ1894 ኦክስፎርድ ላይ ውኃ ላይ አውሎታል። መኪናዋ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አምስት ፈረስ ጉልበት ነበረች። ሄደች። ግን ጉልበቷም አነሰ፣ ንዝረቷም በዛ። የዘመኑ ሰው ሁሉ መኪና መንቀጥቀጥ አለበት ብሎ ተቀብሎ ነበር፤ ሞተሩን ጠንካራ እንጨትና ብረት ላይ አስረው ተሳፋሪው ጥርሱን ነክሶ እንዲቀመጥ ይተዉት ነበር። ላንቼስተር ይህን አልተቀበለም።

በ1897 የመጣው ሞተር ያ አንድ ሲሊንደር የተወበትን የጎን ግፊት ፊት ለፊት የሚገጥም ነበር። አንድ ክራንክሻፍት ሲዞር ክብደቱ ወደ ጎን የሚጎትት ከሆነ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚዞር ሁለተኛ ክራንክሻፍት ጨምርበት! የአንዱ ክብደት ወደ ግራ ሲጎትት የሌላው ወደ ቀኝ ይጎትታል፤ ሁለቱ ተጣጡ። በፒስተኑ መስመር ላይ ግን አብረው ስለሚጎትቱ የፒስተኑን ግፊት ሙሉ በሙሉ ያጣጡታል። ስለዚህ ሞተሩ ሁለት ፊት ለፊት የተጋደሙ ሲሊንደሮች፣ አንዱ ከአንዱ በላይ የተቀመጡ ሁለት ክራንክሻፍቶች፣ በየክራንክሻፍቱ አንድ ከባድ ክብ ብረት ነበረው። ፒስተኖቹን ከክራንክሻፍቶቹ ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች ስድስት ነበሩ፣ ለአንድ ፒስተን ሦስት። ሥዕሉን ስታዩት ሰዓት ሠሪ የሠራው ነው የሚመስለው። ውስብስብ ነው፣ ውድ ነው፣ ግን በዘመኑ ሚዛን ለጉድ የለሰለሰ ነበር።

በታኅሣሥ 1899 ኩባንያ ተቋቋመ። እዚህ ላይ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ስለሆንኩ ትንሽ ብቆይ አትታዘቡኝ። ላንቼስተር ሌላው ሁሉ መኪናን አንድ በአንድ እየሞረደ ሲገጥም፣ እሱ ከአንዱ መኪና የተፈታ ዕቃ ሌላው ላይ ሳይሞረድ እንዲገጥም በልክ መለኪያ ያሠራ ነበር። በ1902 የዲስክ ፍሬን መብት አስመዘገበ፤ ዛሬ መኪናው ሁሉ ፊት ለፊት ጎማው ላይ ያለውን ማለት ነው። የሞውግሊ ታሪክ ደራሲ ራድያርድ ኪፕሊንግ ከደንበኞቹ አንዱ ነበር። ትዕዛዝ ነበረ፣ ዝና ነበረ። ግን መነሻ ካፒታሉ ከመጀመሪያው አንስቶ ቀጭን ነበር፤ ብረት ገዝተህ፣ ሠራተኛ ከፍለህ፣ መኪናው ተሠርቶ ተሸጦ ብሩ እስኪመለስ የሚያቆይ ገንዘብ አልነበረም። በ1904 ኩባንያው በአበዳሪዎች ምክንያት በሞግዚት እጅ ገባ፤ ምርጥ ዕቃ፣ ተሰልፎ የሚጠብቅ ደንበኛና ባዶ ካዝና በአንድ ግቢ። እንደገና ሲደራጅ የገንዘቡ ባለቤቶች የንድፉም ባለቤት መሆን ጀመሩ። የላንቼስተር መኪና ሞተሩ መሐል ነበር፣ መሪው ደግሞ በክብ ፋንታ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ የሚገፋ ዘንግ። ገዢው የለመደው ግን ከፊት ረጅም አፍንጫ ያለውን ነው። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ነጋዴዎቹም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ሰው በዓይኑ ነው መኪና የሚገዛው። ንዝረት አለመኖሩን ደግሞ ፎቶ ማንሳት አይቻልም።

ከ1909 አካባቢ ጀምሮ ላንቼስተር ለዳይምለር ኩባንያ አማካሪ ሆነ። እዚያ የጠበቀው ችግር ከበፊቱ የተለየ ዓይነት ነበር። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በወረቀት ላይ ፍጹም ነው፤ የስድስቱ ፒስተኖች ግፊት እርስ በርሱ ይጣጣል፣ የሚቀር የለም። ሆኖም የዘመኑ ባለ ስድስት ሞተሮች በተወሰነ ፍጥነት ላይ ሲደርሱ ድንገት ያጉረመርሙ፣ ይንገጫገጩ ነበር፤ አንዳንዴም ክራንክሻፍቱ ለሁለት ይከፈላል።

ምክንያቱ ርዝመቱ ነው። እርጥብ ልብስ ሲጨመቅ አንዱ እጅ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ያጣምመዋል። ረጅም ክራንክሻፍትም እንደዚያ ይጣመማል፤ ብረት ቢሆንም። እያንዳንዱ ፍንዳታ ትንሽ ያጣምመዋል፣ መልሶ ይላቀቃል። ልክ ዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው ጊዜውን ከጠበቀ በትንሽ ግፊት ልጁን ሰማይ እንደሚያደርሰው፣ ፍንዳታዎቹም ከክራንክሻፍቱ የመጣመም ዜማ ጋር ከገጠሙ መጣመሙ እያደገ እያደገ ይሄዳል። እዚህ ላይ ክብደት በመጨመር ማጣጣት አይሠራም። የሚጣጣ ግፊት የለማ! ዘንጉ ራሱ ነው እየተጣመመ ያለው። በዚያው ዘመን የሮልስ ሮይሱ ሄንሪ ሮይስም ከዚሁ ችግር ጋር ይታገል ነበር።

የላንቼስተር መልስ ይህ ነው። በክራንክሻፍቱ የፊት ጫፍ ላይ አንድ ተጨማሪ ክብ ብረት አኑር፤ ግን አትሰረው። በቀጫጭን ሳህኖችና በዘይት በኩል ብቻ ይነካካ። ክራንክሻፍቱ በእኩል ፍጥነት ሲዞር ክብ ብረቱ አብሮ ይዞራል፣ ምንም አይሠራም። ክራንክሻፍቱ ወዲያና ወዲህ መጣመም ሲጀምር ግን ከባዱ ብረት አልከተልም ብሎ በራሱ ፍጥነት ይቀጥላል፤ በመካከላቸው መንሸራተት ይፈጠራል፣ ሰበቃው የመጣመሙን ጉልበት ወደ ሙቀት ቀይሮ ይበላዋል። ይህን ወጥ ቤት ገብታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። የተቀቀለ እንቁላል ጠረጴዛ ላይ ስታሽከረክሩት ፉር ብሎ ይዞራል፤ ጥሬው ግን ይንገዳገድና ቶሎ ይቆማል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወደኋላ እየቀረ ጉልበቱን ስለሚበላበት ነው። ላንቼስተር በ1910 ያስመዘገበው ይህን ነው፣ እስከ ዛሬም የላንቼስተር ዳምፐር ይባላል። በትልልቅ የጭነት መኪናና የጄኔሬተር ናፍታ ሞተሮች ጫፍ ላይ፣ ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ ብረት የያዘ ክብ ቆርቆሮ ታገኛላችሁ። ያው የእሱ ሐሳብ ነው።

በትንሽ ሞዴል ላይስ? አምስት ጊዜ ያነሰ ክራንክሻፍት የመጣመም ዜማው አምስት ጊዜ ይፈጥናል፣ ስለዚህ በቀላሉ አይደረስበትም። ሞዴሉ ራሱ አምስት ጊዜ ፈጥኖ ከዞረ ግን እዚያው ቦታ ይገናኛሉ። ብዙ ሞዴሎች ያንን ያህል ስለማይፈጥኑና አብዛኞቹ ባለ አንድ ሲሊንደር ስለሆኑ ነው ያለ ዳምፐር የሚያመልጡት።

የቀረው ባለ አራት ሲሊንደሩ ነው፤ ዛሬ መንገዱን የሞላው ሞተር። ሁለት ፒስተን ሲወጣ ሁለት ይወርዳል፣ ስለዚህ የተጣጣ ይመስላል። ግን ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል፣ ፒስተኑ በላይኛው ግማሽ ዙር ከታችኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ ላይ ሲመለስ ታች ሲመለስ ካለው በበለጠ ኃይል ነው። ስለዚህ ወደ ላይ የሚሄዱት ሁለቱና የሚወርዱት ሁለቱ እኩል አይጣጡም፣ ትርፍ ግፊት ይቀራል፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ። ላንቼስተር ለዚህ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ጨመረ፤ በየላያቸው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ክብደት አለ፣ እርስ በርሳቸው በተቃራኒ ይዞራሉ፣ ፍጥነታቸውም የክራንክሻፍቱ እጥፍ ነው። አያችሁት? ያቺ የስልካችሁ ግማሽ ጨረቃ ናት፣ ሁለት ሆና፣ ሞተሩ ወደ ላይ ሲገፋ ወደ ታች እንድትጎትት ተስተካክላ። ንዝረትን በንዝረት። በ1920ዎቹ ቮክስሆል መኪኖቹ ላይ ገጥሞት ነበር፣ ከዚያ ግን ወጪው ስለማያዋጣ ለረጅም ጊዜ ተረሳ።

እኔ ስሙን መጀመሪያ ያገኘሁት በሞተር በኩል አይደለም፤ በውድድር ንድፈ ሐሳብ በኩል ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀምር በ1914 የጦር ኃይልን በሒሳብ የሚለካ ጽሑፍ አወጣ፤ በ1916 በመጽሐፍ ታተመ። መሣሪያቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሠራዊቶች ከርቀት ሲታኮሱ ኃይላቸው በቁጥራቸው ሳይሆን በቁጥራቸው ካሬ ይለካል ይላል። ሺህ ሰው ያለው ጦር፣ ሺህ ሰው ሆኖ በአምስት መቶ በአምስት መቶ የተከፈለ ጠላት በየተራ ቢገጥመው፣ በመጀመሪያው ውጊያ 866 ይቀሩታል፣ በሁለተኛው 707። ጠላት በሙሉ አልቋል። ጃፓኖች ይህን ቀመር ከጊዜ በኋላ ወደ ገበያ ውድድር አምጥተው ለሻጮቻቸው አስተማሩበት።

ሕይወቱ ግን እንደ ሐሳቡ አልሰፋም። በ1919 ዶሮቲያ ኩፐርን አገባ፣ ልጅ አልወለዱም። በ1922 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1926 የበረራ ማኅበሩ የወርቅ ሜዳልያ ሰጠው፣ ያ ጽሑፉ ውድቅ ከተደረገበት ከ29 ዓመት በኋላ። በራሱ ስም ላቦራቶሪ ከፍቶ የድምፅ ማጉያ እስከ መሥራት ደረሰ፤ አላዋጣም። ከዳይምለር ጋር የነበረው ሥራ በ1930 አካባቢ አበቃ፤ በስሙ የተጠራው የመኪና ኩባንያም በ1931 ለሌሎች ተሸጠ። በዚህ ላይ ፓርኪንሰን መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲያረጋጋ የኖረ ሰው እጁ የሚንቀጠቀጥ ሆነ፤ ዓይኑም ደከመ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከቤቱ ሳይወጣ የኖረው በሌሎች እርዳታ ነው። በ1945 በጄምስ ዋት ስም የሚሰጠው የመካኒካል መሐንዲሶች የወርቅ ሜዳልያ ተሰጠው፤ በመጋቢት 1946 በ77 ዓመቱ በርሚንግሃም ውስጥ ሞተ። ኮቨንትሪ ውስጥ አንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም በ1970 በስሙ ተሰይሞ ነበር፤ በ1987 ስሙ ወጣ፣ ዛሬ ቤተ መጻሕፍቱ ነው በስሙ የሚጠራው።

ሁለቱ ዘንጎች ግን ተመለሱ። በ1975 ሚትሱቢሺ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ አስቀምጦ አሻሻላቸውና አዲስ መብት አስመዘገበባቸው። የስፖርት መኪና አምራቹ ፖርሽ በ1980ዎቹ 944 የተባለችውን ትልቅ ባለ አራት ሲሊንደር መኪናውን ሲሠራ ያለ እነሱ ሊያለሰልሳት አልቻለም፤ ለእያንዳንዷ መኪና ክፍያ ከፈለ። ክፍያው የሄደው ወደ ጃፓን ነው። የላንቼስተር መብት ጊዜው ካለፈበት አሥርት ዓመታት ተቆጥረው ነበር።